ልጄ ጉሮሮውን ያሰማል፣ አንገቱን ይነቀንቃል፤ ትምህርት ቤት ግን አያደርገውም

የገርጂዋ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሁልጊዜ የሰው ጽሑፍ አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ራሴ ልጠይቅ።

የመጀመሪያ ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል። ተጫዋች፣ ትንሽ ችኩል ልጅ ነው። ስድስት ዓመት ሊሞላው ሲል ዓይኑን ቶሎ ቶሎ ማርገብገብ ጀመረ። ዓይን ክሊኒክ ወሰድኩት። አለርጂ ነው ብለው ጠብታ ሰጡን። ጠብታው ሳያልቅ ማርገብገቡ ጠፋ። እፎይ አልን። ከዚያ አፍንጫውን «ስንፍ፣ ስንፍ» ማድረግ አመጣ። ጉንፋን የለው፣ ምን የለው። እሱም መጣ፣ ሄደ። አሁን ደግሞ አንገቱን ወደ ግራ ይነቀንቃል፣ ከጉሮሮው «እህም» ይላል። ቴሌቪዥን ሲያይ፣ ሊተኛ ሲል፣ እንግዳ ሲመጣ። እንግዳ ሲመጣማ አይጣል ነው። ሰሞኑን «ሁፕ» የምትል አዲስ ድምፅ ጨምሯል፤ ጎረቤት ድረስ ትሰማለች።

ግራ ያጋባኝ ምን መሰላችሁ? መምህርቱን ስጠይቃት «ኧረ እዚህ ምንም አያደርግም፣ አንዳንዴ ዓይኑን ያሻል እንጂ» አለችኝ። ቤት ግን ገና ጫማውን ሳያወልቅ ይጀምራል። ባለቤቴ ይሄን ሲሰማ «አየሽ፣ ሲፈልግ መተው ይችላል ማለት ነው። አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሽው» አለ። አሁን ቤታችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ «ተው!» ነው። አባቱ ተው፣ እኔ ተው፣ ታናሽ እህቱ ሳትቀር ተው። በተባለ ቁጥር ይብስበታል።

አማቴ እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ ይላሉ። የሚቆርጡ ሴትዮም ያውቃሉ። አከራያችን ደግሞ ዓይን ነው አሉኝ። እኔ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ «ቱሬት» የሚል ነገር አገኘሁ። ቪዲዮዎቹን አይቼ እንቅልፍ ሳይወስደኝ አደረ። ሰዎቹ መንገድ ላይ ስድብ ይጮኻሉ። ልጄም እንደዚያ ሊሆን ነው? ባለፈው ማታ ላለብሰው ስል «እማዬ፣ እኔ እኮ አይደለሁም፣ አንገቴ ነው» አለኝ።

የሚያውቅ ካለ ንገሩኝ። ለመሆኑ የምን ሐኪም ጋ ነው የሚኬደው?


ትዕግሥት ያሸንፋል፦

እህቴ አይዞሽ። የእህቴ ልጅም ዓይኑን እንዲህ ያደርግ ነበር፣ ስልክ ስንከለክለው ለቀቀው። የዘንድሮ ልጅ በሽታው ስልክ ነው። ደግሞ ጸበል ውሰጂው፣ አይከፋም። ልጁ ራሱ «እኔ አይደለሁም» ካለሽ እሱን ነገር በደንብ አስቢበት።


ሰዓት ጠጋኙ፦

የገርጂዋ እናት፣ እንደምን አለሽ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ልጅሽ የሚያደርገውን ሁሉ አደርጋለሁ፤ ይሄን ስጽፍልሽም እያደረግሁ ነው። ቱሬት አለብኝ። ሐኪም ስሙን የነገረኝ ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። ልጅሽ ያለበት እሱ ይሁን አይሁን ሐኪም ነው የሚነግርሽ፤ ያወራሽው ግን የኔን ልጅነት ነው።

መጀመሪያ ለባለቤትሽ ልመልስ። ትምህርት ቤት የማያደርገው ስለማይመጣበት አይደለም። ይዞት ነው የሚውለው። ቅዳሴ መሃል ማስነጠስ መጥቶብሽ አፍንጫሽን ይዘሽ ታውቂያለሽ? ለጊዜው ትችያለሽ። እሱ ይሄንን ከሰልፍ እስከ መውጫ ደወል ያደርገዋል። እኔ ከእንቅስቃሴው በፊት አንገቴ ላይ መወጠር የመሰለ ነገር ይሰማኛል። ካላደረግሁት አይለቅም። ሳደርገው ጥፍት ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። ልጆች እንዳይስቁበት ጥርሱን ነክሶ ይውልና ቤቱ ሲገባ ይለቀዋል። ቤቱ ስለሆነ ነው። እኔ ደሴ ነው ያደግሁት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀጥታ ጓሮ እገባ ነበር። አንገቴንም ትከሻዬንም ድምፄንም እዚያ እጨርስና ነው እናቴ ጋ የምቀርበው። እሷ ዶሮዎቹን የማይ ይመስላት ነበር።

«ተው» ስለሚባለው። «ተው» ሲባል ልጁ ሐሳቡ ሁሉ እዚያው አንገቱ ላይ ያርፋል። እኔ ዛሬም ስለ ጉሮሮ ከተወራ ጉሮሮዬ ይመጣል። ሰው ሲያየኝ ይብሳል፣ ሲደክመኝ ይብሳል፣ ስደሰት እንኳ ይብሳል። ከበዓል ዋዜማ የከፋ ቀን አልነበረኝም። እንግዳ ሲመጣ የሚብስበት ለዚህ ነው።

ጸበል ላላችሁት፣ እኔም ተወስጃለሁ። አክስቴ ናት የወሰደችኝ፤ በፍቅር ነው፣ አልቀየማትም። ውሃው ብርድ ነው። ሰው ዙሪያዬን ቆሟል። መስቀሉ ግንባሬ ላይ ሲያርፍ ሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነው። ታዲያ ምን ይሆናል? አንገትም ትከሻም ድምፅም አንድ ላይ መጡ። «ይኸው ጮኸ! ሊለፈልፍ ነው!» ተባለ። ሰው ባየኝ መጠን ጮኽኩ፣ በጮኽኩ መጠን ሰው ተሰበሰበ። ከዚያ ወዲያ ሰፈር ውስጥ ስሜ ሌላ ሆነ። እህቴ፣ እምነትሽ ከሆነ ውሰጂው። እኔም እስከ ዛሬ እሄዳለሁ፣ ደስ ይለኛል። ግን አጥማቂውን አስቀድመሽ አናግሪ። ሰው አይክበበው፣ አይታሰር፣ «ስምህ ማነው» እየተባለ አይጨነቅ። የሐኪሙንም ቀጠሮ አትተዪ።

እንጥሉን በፍጹም እንዳታስነኪው! ድምፁ በጉሮሮ ይወጣል እንጂ ከጉሮሮ አይነሳም። የሚነሳው ከአንጎል ነው። ውስጥ በኩል እንቅስቃሴን የሚያስተካክል ክፍል አለ፤ ቤዛል ጋንግሊያ ይሉታል። አንዱ ሥራው ያልታዘዘ እንቅስቃሴ እንዳያልፍ መያዝ ነው። እኛ ጋ ያመልጠዋል። ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገርም እጁ አለበት። እንጥል በምላጭ ቢቆረጥ የሚተርፈው መድማትና ኢንፌክሽን ነው። ድምፁ እንዳለ ይቀጥላል። ማሞላቀቅሽም አላመጣውም። በዘር የሚሄድ ነገር ነው፤ እስኪ በሁለታችሁም ወገን ጠይቁ።

ዓይን ነው ላሉት አከራይሽ ደግሞ ይሄን ንገሪልኝ። በፈረንጆቹ 1825 ኢታርድ የሚባል ሐኪም ስለ አንዲት የፈረንሳይ መኳንንት ሴት ጽፏል። በሰው መሃል ሳታስበው ይጮህባት ነበር። በ1885፣ እኛ ጋ አፄ ዮሐንስ በዙፋን ሳሉ፣ ጂል ደ ላ ቱሬት የሚባል የፓሪስ ሐኪም እሷንም ጨምሮ ስለ ዘጠኝ ሕሙማን ጻፈ። ስሙ ከሱ የመጣ ነው። ቡዳ ከሆነ እንግዲህ ያኔ ፓሪስ ገብቷል።

ስድቡን በተመለከተ ቪዲዮ ላይ ያየሽው ውሸት አይደለም። ግን ቱሬት ካለባቸው አሥር ሰዎች አንድ፣ ብዙ ቢባል ትንሽ ከዚያ በላይ ቢሆኑ ነው። ካሜራ የሚወደው እነሱን ስለሆነ ሁላችንም እንደዚያ እንመስላለን። እኔ ተሳድቤ አላውቅም። ማለቴ፣ ሳልፈልግ ተሳድቤ አላውቅም።

የኔ ድምፅ «ዋ!» ነው። ችግሩ ታክሲ ውስጥ ነው። ረዳቱ «ወራጅ አለ» ያልኩ ይመስለዋል። ሹፌሩ ጥግ ይይዛል፣ በሩ ይከፈታል፣ የሚወርድ የለም። ሁሉም ዞሮ ያያል። ሲያዩኝ ደግሞ «ዋ!»። ሳልደርስ ወርጄ በእግሬ የሄድኩበት ቀን ብዙ ነው። አሁን ገና ስገባ «ወንድሜ፣ የነርቭ ነገር አለብኝ፣ ድምፅ አወጣለሁ፣ አታቁሙልኝ» እላለሁ። አንድ ረዳት ከመገናኛ ጀምሮ «ዋ!» ባልኩ ቁጥር «አለን ጋሼ!» ሲለኝ መጣ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እንዲህ ዓይነቱ ሳቅ አይጎዳም። ልጅሽም አንድ ቀን ለይቶ ያውቀዋል።

ባለቤትሽ ኳስ ያያል? ቲም ሃዋርድን ያውቀዋል። አሜሪካዊው ግብ ጠባቂ፣ በፈረንጆቹ 2003 ማንቸስተር ዩናይትድ የገባው፣ በኋላ ኤቨርተን ብዙ ዓመት የቆመው። በ2014 ዓለም ዋንጫ ቤልጂየሞች የመቱትን ሲመልስ ያመሸው እሱ ነው። ቱሬት አለበት። ከልጅነቱ ጀምሮ ነው። እንግሊዝ ሲመጣ አንዳንድ ጋዜጦች ተሳልቀውበት ነበር። ኳሱ ወደ ግቡ ሲቀርብ ግን እንቅስቃሴው እንደሚጠፋለት ራሱ ተናግሯል። ይሄ እኔም ላይ አለ። ማጉያውን ዓይኔ ላይ አድርጌ ወረንጦ ስይዝ አንገቴ ሰላም ነው። ፒያሳ ሳይፈርስ፣ ሱቃችን እዚያ እያለ፣ ደንበኞች ቆመው ያዩኝ ነበር። ያን ሁሉ ደቃቅ ጥርስና ብሎን ስገጣጥም እጄ ዝንፍ አይልም። ወረንጦውን ሳስቀምጥ «ዋ!»። ስለዚህ ልጁ የሚመሰጥበትን ነገር ፈልጉለት። ሥዕል ይሁን፣ ክራር ይሁን፣ ኳስ ይሁን፣ ብቻ እሱ የወደደው ይሁን።

አልዋሽሽም፣ ገና ሊጨምር ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚብሰው ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ዓመት አካባቢ ነው። ከዚያ ጉርምስናው ሲያልቅ ብዙዎቹ ላይ ይቀንሳል፣ አንዳንዶቹ ላይ ጭራሽ ይጠፋል። እኔ ላይ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ሚስት አግብቻለሁ፣ ልጆች አሉኝ፣ ሰዓትሽ ከቆመም አስነሳዋለሁ።

ሐኪም ላልሽው፣ ከሕፃናት ሐኪም ጀምሪ። እሱ ወደ ሕፃናት ነርቭ ሐኪም ሪፈር ይጽፍልሻል። ጥቁር አንበሳ አሉ። ወረፋው ቢረዝምም ጠብቂ።


ሲስተር ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እናት፣ ወንድማችን ጥሩ አድርጎ ነግሮሻል። እኔ ሜሪላንድ የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር።

ይሄን ሕመም የደም ምርመራም ኤምአርአይም አያሳየውም። ሐኪሙ ታሪኩን ሰምቶ፣ ልጁን አይቶ ነው የሚለየው። እንዲህ ሳይፈልጉት የሚደጋገም እንቅስቃሴና ድምፅ ቲክ ይባላል። ቢያንስ ሁለት የእንቅስቃሴ ቲክና አንድ የድምፅ ቲክ መኖር አለበት፣ ከጀመረው ዓመት ማለፍ አለበት፣ ከ18 ዓመት በፊትም የጀመረ መሆን አለበት። አንዱ ሄዶ ሌላው መምጣቱ ጠባዩ ነው። ችግሩ ምን መሰለሽ፣ ሐኪም ፊት ሲቀመጥ እንደ ትምህርት ቤቱ ይይዘዋል። «ምንም የለውም» ተብለሽ ትመለሻለሽ። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሲያደርገው በስልክሽ ቅረጪ። ለሐኪም እንደሆነ ንገሪው፣ ተደብቀሽ አይሁን። ለዘመድም አታሳዪ።

ሁለተኛው የሚያስቸኩል ነገር ነው። ቲክ አንድ ዓይነት ነው፤ ያው አንገት በያው አቅጣጫ። እንቅስቃሴው እንደዚያ ካልሆነ፣ እጁም እግሩም መልክ በሌለው ሁኔታ የሚወራጭ ከሆነ፣ ዕቃ ከእጁ የሚወድቅ ከሆነ፣ የእጅ ጽሑፉ በድንገት ከተበላሸ፣ በተለይ ቀደም ብሎ ጉሮሮውን ታሞ ከነበረ፣ ሪፈር አትጠብቂ። ሲደንሃም ኮሪያ የሚባል ሌላ ሕመም አለ። ከጉሮሮ ኢንፌክሽን በኋላ የሚመጣ የሩማቲክ ትኩሳት አንዱ ምልክት ነው። ልብን ሊነካ ስለሚችል ልቡ መታየት አለበት፣ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌም ሊያስፈልገው ይችላል። እኛ አገር የሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙ ስለሆነ ነው የማነሳው። አንቺ የጻፍሽው ይሄን አይመስልም። ግን ራሱን ከሳተ ወይም እንዲህ ካየሽ በዚያው ቀን ሂጂ።

ሁለት ብዬ ጀመርኩ እንጂ መድኃኒቱንም ሳልነግርሽ አልሄድም። ብዙ ልጆች ያለ መድኃኒት ይኖራሉ። የሚታከመው ልጁን ሲያሳምመው፣ ከትምህርት ሲያግደው ወይም ሲያስጨንቀው ነው። ቤተሰብ ስላፈረ አይደለም። ሃሎፔሪዶል የቆየ መድኃኒት ነው፣ ቲክ ይቀንሳል፤ ግን ያፈዛል፣ አንገትና መንጋጋም ሊያጣምም ይችላል። ክሎኒዲን አለ፣ አሪፒፕራዞል አለ። የትኛው፣ ስንት፣ እስከ መቼ የሚለውን ሐኪም ብቻ ይወስን። የጎረቤት ልጅ የወሰደውን ከፋርማሲ ገዝተሽ እንዳትሰጪ።

ከመድኃኒት በፊት የሚመረጥ ሥልጠናም አለ፣ ሲቢት ይባላል። ልጁ ስሜቱ ሲመጣ ይለየውና ከዚያ እንቅስቃሴ ጋር አብሮ ሊሄድ የማይችል ሌላ ነገር ያደርጋል። ለጉሮሮ ድምፅ ለምሳሌ አፍን ዘግቶ በአፍንጫ ቀስ ብሎ መተንፈስ ነው። ስሜቱ እስኪያልፍ ይቆያል። በፈረንጆቹ 2010 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከ9 እስከ 17 ዓመት ያሉ 126 ልጆችን አይቶ ነበር። ሥልጠናውን ከወሰዱት ከግማሽ በላይ ተሽሏቸዋል። ምክርና ትምህርት ብቻ ካገኙት ግን አንድ አምስተኛ እንኳ አልሞሉም። አሠልጣኝ እንደ ልብ አይገኝም፣ አውቃለሁ። ሐኪምሽን ጠይቂ፣ በቪዲዮ የሚሰጡም አሉ። ብቻ «ልምምድህን አድርግ!» የሚለው ደግሞ አዲሱ «ተው!» እንዳይሆንባችሁ።

ደግሞ ቲኩን ብቻ አትመልከቺ። ችኩል ነው ብለሻል። ትኩረት ማጣት፣ ወይም አንድን ነገር ደጋግሞ ካልነኩ፣ ካላስተካከሉ አለመርጋት ከቱሬት ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ ይመጣል። ከቲኩ ይልቅ ትምህርቱን የሚጎዳው እሱ ሊሆን ይችላል። ለሐኪሙ ንገሪው።


መምህር ነኝ፦

ሰላም። አንደኛ ደረጃ ነው የማስተምረው። እንዲህ ያለ ተማሪ አለኝ፣ የሱ ፉጨት ነው። ከፊት አላስቀምጠውም፤ ከኋላው አርባ ልጅ ያየዋላ። ጎን ላይ በር አጠገብ አድርጌዋለሁ። ሲብስበት ዓይኔን ያየኛል፣ «ጠመኔ አምጣልኝ» ብዬ እልከዋለሁ። ሳጥኑ ሙሉ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ውጭ ፉጨቱን አፏጭቶ ይመለሳል። ፈተና ላይ ጸጥታው ራሱ ስለሚያስጨንቀው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ነው የሚፈተነው። ቲክ ስላደረገ ማርክ አይቀነስበትም፣ ከክፍልም አይባረርም። ለልጆቹ የነገርኩት እሱና እናቱ ከፈቀዱ በኋላ ነው። አንድ ሳምንት ቀዱት፣ ከዚያ ሰለቻቸው። መምህርቱን አናግሪያት። «ምንም አያደርግም» ያለችሽ ልጁ ምን ያህል እየታገለ እንደሚውል ስላላየች ነው።


የገርጂዋ እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ለባለቤቴ የሰዓት ጠጋኙን ጽሑፍ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። ቲም ሃዋርድ ላይ ስደርስ «አይደረግም!» ብሎ ስልኩን ቀማኝ። ከዚያ ዝም አለ፣ ዝም አለና «አባቴን እኮ አገር ቤት ዓይነ ጠቅሶ ነው የሚሏቸው» አለኝ። አማቼ ሲያወሩ አንድ ዓይናቸውን ይጠቅሳሉ፣ ትከሻቸውን ሰበቅ ያደርጋሉ። እኔ ስንት ዓመት ሳያቸው የቀልዳቸው አካል ይመስለኝ ነበር። አማቴን ስንጠይቃቸው «እሱማ ከልጅነቱም ነው» ብለው አለፉት። የእንጥሉ ነገር በዚያው ቀረ።

የሕፃናት ሐኪም ቀጠሮ ይዘናል። ቪዲዮም ቀርጫለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ለልጁ ስሙን ልንገረው? ስምንት ዓመት አይበዛበትም? ደግሞ ታናሽ እህቱ «ሁፕ» እያለች ትቀዳዋለች፣ ምን ላድርጋት?


ሰዓት ጠጋኙ፦

ሐኪሙ ካረጋገጠው ንገሪው። «አንገቴ ነው» ያለሽ እኮ እሱ ከሁላችሁም ቀድሞ አውቆት ነው። እኔ ስሙን ሳላውቅ ስኖር ወይ እብድ ነኝ፣ ወይ ክፉ ነኝ ከሚለው አንዱን ነበር የምመርጠው። ረጅም ትምህርት አታድርጊው። «አንጎልህ ሳታዝዘው አንገትህን ያንቀሳቅሳል፣ ቱሬት ይባላል፣ አያትህም ሳይኖርባቸው አይቀርም» በይው። አያቱ ፈቃደኛ ከሆኑ እሳቸው ራሳቸው ቢነግሩት ይሻላል።

እህቱን አትቆጪያት፣ በተቆጣሽ ቁጥር ጨዋታው ይጥማታል። ለብቻዋ አድርገሽ «እንዳትስቂበት» ብለሽ ንገሪያት። እሱ ራሱ አብሯት ከሳቀ ግን ተያቸው። እውነት «ሁፕ» ማለቱ ከሷ አልለቅ ካለ ግን፣ እሷንም በዚያው ቀጠሮ ይዘሻት ሂጂ። በዘር የሚሄድ ነው ብዬሻለሁ።